እግር ሆኜ የተመዘገብኩበት ዘመን

የማወራላችሁን ከተማ በስም አልጠራትም። እኔ በኖርኩበት ዘመን ብቻ ስሟ ሦስት ጊዜ ተለውጧልና አንዱን ብጠራ የሁለቱ ወገን ይቀየመኛል። ከገደል በታች፣ ከወንዝ በላይ ያለች ከተማ ናት ብል ይበቃል። እኔ አናጺ ነኝ። ሙያውንም ፊደሉንም አስቀምጦ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሙያውን የሰው በር እያየሁ፣ ፊደሉን ደግሞ እናቴ በተቀበረችበት አጥር ውስጥ በየመቃብሩ ራስጌ የተጻፈውን ስም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የለቀምኩት። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ለመጻፍ እሞክራለሁ። የጨመርኩት ካለ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ የተውኩት ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የጎን ለጎን ሹም ይባል ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሲሄድ እንኳ ማንንም ላለመቅደም ከአጃቢዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሄድ ስለነበር ጠባብ መንገድ አያሳልፈውም፤ በዚህ ምክንያት አብዛኛውን ሰፈር ሳያየው ነው የገዛው። የከተማችን ሰው ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት በየደጁ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሹሙ ይህን ሲያይ እንባው መጣ። ሰው ማለት ከጎኑ ያለው ማለት ነው አለ፤ በርጩማ ደግሞ ጎን የለውም። በርጩማ ሁሉ ተሰብስቦ ተቃጠለ። በምትኩ ከተማው በሙሉ የሚቀመጥበት አንድ አግዳሚ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሠሪው እኔ።

ሕዝቡ በዋናው መንገድ ዳር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ገመዱን ይዤ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ለካሁ። ሦስት ወር ሠራሁ። ለየሦስት ሰው አንድ ጥንድ እግር፣ ለሁለቱ ጫፎች ደግሞ የየራሳቸው ጥንድ እግር አደረግሁላቸው። የጽድ እንጨት ነበር። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ አይነቃነቅም ነበር።

በመቀመጫው ቀን ሁሉም ተቀመጠ። ጣት የምታስገባ ክፍተት አልተረፈችም። ሹሙ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰና ማንም እንዳልቀረ አበሰረ።

እኔ መዶሻዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ገመድ የሚይዝ ሰው ራሱን አይለካም፤ ስህተቱ የኔ ነው፣ በማንም አላመካኝም። ቀስ ብዬ ቀረብኩና አንድ ሰው እንደቀረ ነገርኩት። ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሹሙ ወደ አግዳሚው ዞሮ ቆጠረ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው። መዝገቡን ገለጠ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቦታ። ከዚያ በሐዘን ዓይን አየኝና አግዳሚው ሙሉ መሆኑን፣ በሙሉ ነገር ላይ መጨመር ደግሞ ሙሉነቱን ማፍረስ መሆኑን ጊዜ ወስዶ አስረዳኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ስም ቀረ። ማንም ሰው በግራና በቀኙ ባሉት ሰዎች እንዲጠራ ሆነ፤ የእገሌና የእገሊት መካከል ይባላል። እገሌ ራሱ ደግሞ በግራና በቀኙ ባሉት ስለሚጠራ፣ አንድን ሰው ማንነቱን ለማወቅ የፈለገ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነበረበት። ጠዋት ሁሉም መጥቶ ይቀመጣል፣ ሹሙ የሚያነበውን ይሰማል፣ እኩለ ቀን ሲሆን አብሮ ይነሣል። አንዱ ለብቻው ከተነሣ ጣውላው ስለሚረግብ፣ የአንድ ሰው እግር ሲደነዝዝ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ተነሥቶ ያፍታታል። ሰው ሲሞት ቦታው አይለቀቅም። ጋቢው ተጣጥፎ በቦታው ይቀመጣል፤ ጎረቤቶቹም በጋቢው ይጠራሉ። ዓመታት ሲያልፉ በሁለት ጋቢ መካከል የሚባሉ ሰዎች በዙ። ጋቢ ከእኔ ይልቅ ሰው ነበር።

እኔማ መዝገብ ላይ የለሁም። መሬት ላይ እንዳልቀመጥ፣ መሬት የተቀመጠ ሰው ወድቋል ተብሎ ይነሣል። ሁለት ጊዜ ደክሞኝ ቁጭ አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አራት ዘበኞች ከልባቸው እያዘኑልኝ ብድግ አደረጉኝ። ስለዚህ ቆምኩ። መቆሙ ራሱ ያን ያህል አልነበረም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። በከተማችን መዝገብ ውስጥ የሌለ ሰው ሲሞት ከአጥር ውጭ ነው የሚቀበረው። ይህ ልማድ ከሹሞቹ በፊት የነበረ ነው፤ ሦስቱም ሹሞች ሳይነኩት የተዉት ነገር ቢኖር እሱ ነው። እናቴ አጥሩ ውስጥ ናት። ከጎኗ የአንድ ሰው ስፋት ያህል ባዶ መሬት አለ፤ ስንት ጊዜ በእርምጃ ለክቼዋለሁ።

ሹሙ አንድ ነገር ፈቀደልኝ። አግዳሚው ቢላላ እንድጠግን ቀኝ ጫፉ ላይ እንድቆም። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆምኩ።

በዚያ ጫፍ የምትቀመጠው በድሮ ስሟ ወይዘሮ እማዋይሽ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ባሏ ከአግዳሚው በፊት ስለሞተ ጋቢው እንኳ ቦታ አላገኘም። በግራዋ አቶ ውዱነህ የሚባል ሰው አለ። በቀኟ ማንም የለም። በዚህ ምክንያት በመዝገብ ላይ ግማሽ ስም ብቻ ነበራት፤ በየሳምንቱም ሹሙ ዘንድ እየቀረበች ቀኟ ለምን ባዶ እንደሆነ ትጠየቃለች። አንድ ቀን እንዝርቷን እያዞረች ወደኔ ሳትዞር አናገረችኝ።

«አንተ አናጺ፣ ስም አለህ?»

«ቢያድግልኝ ይሉኝ ነበር።»

«ማን?»

«እናቴ።»

«አደግህላት?»

«ቁመቴን አይታ ነው የሞተችው።»

ሳቀች። ጎኗ ሲርገበገብ አቶ ውዱነህ፣ ከእሱም ቀጥሎ ያለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የአግዳሚው ግማሽ ያህል ተነቃነቀ። በዚያ ከተማ የራሱን ስም እንደያዘ የቀረ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። እስከዚያ ድረስ የሚጠራኝ ስላልነበረ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ወዲህ በቀን አንድ ጊዜ፣ ልትነሣ ስትል፣ ዝቅ አድርጋ ትጠራኛለች። ያ ለአንድ ቀን ይበቃኝ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ያልቃል።

ጣውላውን ስንዝር ተኩል ላስረዝምና ከጎኗ ልቀመጥ የሚለው ሐሳብ የእሷ ነው። ለእሷ ቀኝ ይገኝላታል፣ ለእኔ ቦታ። አብረን ሹሙ ዘንድ ሄድን። ሹሙ በጥሞና ሰማን። እኔ ከተቀመጥኩ የእሷ ቀኝ ይሞላል፣ የእኔ ቀኝ ግን ባዶ ይሆናል፤ ጉድለቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም አለን። ለምን ሌላ ሰው ላይ እናዛውረዋለን ብሎ ጠየቀን። ስንመለስ እሷ ቁጭ አለች፣ እኔ ቆምኩ።

በአሥረኛው ዓመት ጎን ለጎኖች ሄዱ። እንዴት እንደሄዱ አላየሁም፤ አንድ ጠዋት ስንመጣ አልነበሩም። የለብቻ ሹም ተተካ። እሱና አጃቢዎቹ በአንድ መንገድ ስለማይሄዱ መጥተው ለመጠቃለል አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። አግዳሚውን ባየ ጊዜ እሱም እንባው መጣ። ሰው ማለት፣ ከጎኑ ማንም በሌለ ጊዜ የሚተርፈው ነው አለ። አግዳሚው በሰው ልክ ተቆራርጦ ለእያንዳንዱ የየራሱ ጣውላ እንዲሰጠው፣ በጣውላና በጣውላ መካከል አራት ክንድ እንዲርቅ፣ ሁሉም ፊቱን ወደየራሱ አቅጣጫ እንዲያዞር ታዘዘ። ቆራጩ እኔ።

አሥራ አንድ ቀን ጋዝኩ። እማዋይሽና አቶ ውዱነህ መካከል ስደርስ አቶ ውዱነህ ቀስ እንድል ለመነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእሷ ትንፋሽ ጎኑን ሲነካው ስለኖረ፣ አየር የሚስበው መቼ እንደሆነ ራሱን ችሎ ማወቁን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ቀስ አልኩ። መጋዝ ግን ቀስ ቢልም ይቆርጣል። ጋቢዎቹም ድርሻቸውን አገኙ። እኔ ጣውላ አልደረሰኝም፤ ቦታ ያልነበረው ሰው የሚቆረጥለት የለም።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። እያንዳንዱ ብቻውን ይቀርባል፤ ማን ነህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሌላ ሰው ሳይጠቅስ ይመልሳል። የስድስት ልጆች እናት የነበረችው ወደቀች። አማች ወደቀ። ዳኛው ወደቁ፤ ያለ ከሳሽና ያለ ተከሳሽ ዳኛ የለም። የቤተ ጸሎቱ አባት የእግዚአብሔር ባሪያ ነኝ ብለው ወደቁ፤ ይህኛውን እንኳ ሹሙ ሁለት ቀን አስቦበታል። ኋላ ኋላ ሰው ዘዴውን አገኘ። ጎመን የማይወድ፣ በግራ ጎኑ የሚተኛ፣ ዝናብ ሳይመጣ ጉልበቱ የሚያሳክከው። አቶ ውዱነህ ጨው የሚያበዛ ተብሎ ተመዘገበ። እማዋይሽ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው እግሯን የሚበርዳት ሴት መሆኗን ተናግራ አለፈች። ስታልፍ አልተደሰተችም። አርባ ስድስት ዓመት ኖሬ ሰዉን ሁሉ ቢያራግፉልኝ የተረፈኝ ብርድ ነው አለችኝ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ፈተናው ተቀምጦ ነው የሚሰጠው፣ የሚቀመጡትም በራስ ጣውላ ነው።

አሁን የእግሩን ነገር ልንገራችሁ። አግዳሚው ሲቆረጥ እግር የደረሰው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የቀሩት ባዶ ጣውላ ይዘው ቀሩ። መጀመሪያ ድንጋይ ከሥሩ ሊያስገቡ ሞክረው ነበር። ሹሙ ከለከለ። የመንገድ ድንጋይ የሁሉም ነው፤ በሁሉም ነገር ላይ የተደገፈ በሁሉም ሰው ላይ ተደግፏል። ስለዚህ ሁሉም በየግሉ፣ በየተራው እኔ ዘንድ እግር እንዲያሠራ ሆነ። የእማዋይሽ ጣውላ የጫፍ ስለሆነ ቀኙ ላይ ጥንድ እግር አለው፣ ግራው ላይ ምንም የለውም። በመጀመሪያው ጠዋት ልትቀመጥ ስትል ተንሸራተተች። እኔ መሣሪያዬን ይዤ ሳልፍ ነበር። ምንም አላሰብኩም። ተንበርክኬ ትከሻዬን ከግራው ሥር አስገባሁ። ጣውላው ልክ መጣ።

ተቆጣጣሪው አራት ክንድ የሆነ ዱላውን ይዞ እየለካ ደረሰ። እኔን ሲያይ ቆመ። ከእሷ እስከኔ ስንዝር እንኳ አልነበረም።

«ይህ ማን ነው?» አላት።

እማዋይሽ እንዝርቷን አላቆመችም። «እግር ነው» አለችው።

ሰውዬው መጽሐፉን አወጣ። እግር ከእንጨት ብቻ መሆን አለበት የሚል ሕግ ፈልጎ አጣ። ሰው ነው እንዳይለኝ በሰው መዝገብ ላይ የለሁም። ስለዚህ በዕቃ መዝገብ ላይ አሰፈረኝ፤ እግር፣ አንድ፣ የሚተነፍስ። በሕይወቴ በመንግሥት ወረቀት ላይ የተጻፍኩት ያን ጊዜ ነው መጀመሪያው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እግር ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ አናጺ። ከጣውላው ሥር የሚታየኝ አቧራና የእሷ የላስቲክ ጫማ ብቻ ነው። በየአቅጣጫው ዞረው የተቀመጡት ሰዎች፣ ስለ ራሳችሁ አስቡ ተብለው፣ እኩለ ቀን እስኪሆን ዝም ይላሉ። እሷ ግን ታወራኛለች። ገደሉ ላይ ጉም እንዳለ፣ ጎመን የማይወደው እንዳንቀላፋ፣ አሞራ የአንዱን ጋቢ ጫፍ እየጎተተ እንደሆነ ትነግረኛለች። እሰማለሁ። አልፎ አልፎ እመልሳለሁ። እኔ ስለማልታይ ከራሷ ጋር የምትነጋገር መስሎት ሹሙ በሰው ፊት አመሰገናት፤ ለሌሎችም አርአያ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ሰዎች ከራሳቸው ጋር ሊያወሩ ሞከሩ። ምን እንደሚሉ ግን ቸገራቸው።

ትከሻዬ ላይ ጠባሳ ወጣ። ጸሎቴን እዚያው ሥር አደርሳለሁ፤ ተንበርካኪ ስለሆንኩ አመቺ ነበር። ይህን ስል መከራ ነበር ለማለት አይደለም። በየቀኑ ጠዋት እስኪነጋ የምቸኩልበት ሌላ ዘመን አላስታውስም። ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው ነው የሚከብደው። ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተን አራት አራት ክንድ ተራርቆ ነው፤ እሷም ከእኔ አራት ክንድ ርቃ ትሄዳለች፤ ስትነሣ እኔ እግር አይደለሁምና።

ከሰዓት በኋላ ለሌላው እግር እሠራለሁ። ተራው እየገፋ እየገፋ ወደ እሷ ደረሰ። አንድ ጠዋት ከሥር ሆኜ ነገርኳት።

«ነገ የአንቺ ተራ ነው።»

እንዝርቷ ቆመ።

«እንጨቱ ደርቋል?»

«ደርቋል።»

«እርጥብ ነው በላቸው።»

እርጥብ ነው አልኩ። በወሩ ሲጠይቁኝም እርጥብ ነው አልኩ። ያ እንጨት ዓመት አልፎትም አልደረቀም። ይህን በንስሐ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ የንስሐ አባቴ ስለ እንጨት ብዙም አያውቁም ነበር።

በገቡ በሁለት ዓመታቸው ለብቻዎች እንደ አመጣጣቸው በየግላቸው ሄዱና የአማካይ ሹም መጣ። የመንገዱን ግማሽ ከሰው ጋር፣ ግማሹን ለብቻው ሆኖ ነበር የመጣው። ሁለቱም ሹሞች በግማሽ ልክ ነበሩ አለ። ከቀድሞዎቹ ሕጎች ግማሽ ግማሹን ሻረ። ጣውላዎቹ ጠዋት በገመድ እንዲታሰሩ፣ ረፋድ ላይ እንዲፈቱ ታዘዘ። ስምም ግማሽ ከጎረቤት፣ ግማሽ ከራስ ሆነ፤ እማዋይሽ ጨው ከሚያበዛው ቀጥሎ ያለች እግሯን የሚበርዳት ተባለች።

ስለዚህ ሹም ክፉ መናገር አልችልም። መልካም ሰው ነበር። በተረከበበት ቀን የዕቃ መዝገቡን ሲያነብ እኔ ላይ ደረሰና የሚተነፍስ የሚለውን ደጋግሞ አየው። ከዚያ ራሱ መጥቶ፣ ነጭ ልብሱ አቧራ እስኪሆን ጎንበስ ብሎ፣ ከጣውላው ሥር ፊቴን አየኝ። በዚያ ቦታ እያለሁ ፊቴን ያየ የመጀመሪያው ሰው ነው።

«ሰውን እግር ማድረግ ነውር ነው» አለ።

ወዲያው ወሰነ። የአግዳሚው መጀመሪያ፣ በስተግራ ጫፍ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሞተው ሰው ጋቢ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ለእኔ ይሰጠኛል። በሰው መዝገብ እጻፋለሁ። እስከ ቅዳሜ ለሴትዮዋ ጣውላ ሁለት እግር ሠርቼ ላስረክብ፤ ቅዳሜ ጠዋት ገመዱ ሲታሰር እኔም ቦታዬን ልያዝ። ያንኑ እርጥብ ያልኩትን እንጨት ከመጋዘኑ አስመጥቶ በእጁ ሰጠኝ። ደረቅ መሆኑን በጥፍሩ አንኳኩቶ ሰማ። የቀረው እንጨት ያ ብቻ እንደሆነ፣ ቀጣዩ ከክረምት በኋላ እንደሚመጣ፣ እንድጠነቀቅ ነገረኝ።

እሱ ሄደ። እጁን ልስም ዳድቶኝ እንደነበር አልደብቅም። አጥሩ ታየኝ፣ እናቴ ታየችኝ፣ ከጎኗ ያለው መሬት ታየኝ። ከዚያ ደግሞ ከቀኝ ጫፍ እስከ ግራ ጫፍ ያለው መንገድ ታየኝ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝና ርቀቱን አውቀዋለሁ። ድምፅ አይደርስም።

«ተቀመጥ ቢያድግልኝ» አለችኝ ከላይ። «ዘጠኝ ዓመት ቆመሃል፣ ሁለት ዓመት ተንበርክከሃል። ስምህ ይጻፍ። ለእኔ እንጨት ይበቃኛል።»

ትከሻዬን ከጣውላው ሥር አስተካከልኩ።

«እንጨት ጥሩ ነው» አለች። «አይደክመውም።» ቆይታ ደግሞ፣ «ብቻ አይመልስም» አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እግር ያማረ ሆነ። ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት መጣ፤ ምልክት አደረግሁበት። መጋዙን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ እንጨት እንኳ አጉድዬ ቆርጬ አላውቅም። ሰው ዘንድ ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ በመዝገብ ስም ባይኖረኝም ልክ ነበረኝ። መጋዙ አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ወድቋል ብሎ የሚያነሣኝ ዘበኛ በአካባቢው አልነበረም። በመጨረሻ ጣቶቼን አጋድሜ ከምልክቱ ወደ ውስጥ ሌላ ምልክት አደረግሁ። ጌታ ሆይ፣ አንተም የአናጺ ቤት ታውቃለህና አሁን ለትንሽ ጊዜ ወደ ሌላ ተመልከት አልኩ። ቆረጥኩት።

ቅዳሜ ሕዝቡ ተሰበሰበ። እግሮቹን በሚስማር መታሁ፣ ጣውላውን አቆምኩ። እማዋይሽ ተቀመጠች። ጣውላው ወደ አንድ ጥግ ዘመም አለ፤ ስትስተካከል ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ሹሙ ጎንበስ ብሎ አየ።

«አናጺ፣ አንዱ አጥሯል።»

«አጥሯል ጌታዬ።»

«ስንት ጊዜ ለካኸው?»

«ሦስት ጊዜ።»

ሐሰት አልተናገርኩም። አቶ ውዱነህ ጠጠር ቢደረግበትስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሕጉ ተገለጠና የድንጋዩ ክልከላ ካልተሻረው ግማሽ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ሹሙ በእውነት አዘነ። ሦስት ጊዜ ለክቶ የሚሳሳት ሰው የአግዳሚው መጀመሪያ ላይ ቢቀመጥ ከእሱ ቀጥሎ የሚቆጠረው ሁሉ ይዛባል አለ፤ እንዲህ ሲል ያፈረው እሱ ነበር እንጂ እኔ አይደለሁም። ጋቢው ወደ ቦታው ተመለሰ። እንጨት እስኪመጣ ድረስ ለጊዜው በቀድሞ ሥራዬ እንድቆይ ተወሰነ። የምሸከመው የጎደለውን ብቻ ስለሆነ በመዝገቡ ላይ ግማሽ እግር ተብዬ ተጻፍኩ። ጸሐፊው የሚተነፍስ የሚለውን ይጨምር አይጨምር ጠየቀ፤ ሹሙ እንዲተወው በእጁ ምልክት ሰጠው።

ሰዎቹ ገመዱን ከጣውላ ጣውላ እያሰሩ ወደ ግራ ጫፍ ራቁ። እኔ ተንበረከክሁና ትከሻዬን አስገባሁ። ክብደቱ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ቀሎኛል። የላስቲክ ጫማዋን አየሁ። እንዝርቷ ሲዞር ሰማሁ።

«ስንት ጣት ነው ያሳጠርከው?» አለችኝ።

«ሁለት።»

እንዝርቱ ጥቂት ዞረ።

«አንድ ይበቃ ነበር» አለች።

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። ከነበርኩበት ፊቷ አይታይም።